ከደረጃዋ የወረደችው ተመራማሪ፦ የካታሊን ካሪኮ የቅጥርና የዕድገት ጉዳይ

በ1995 የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ አንዲት ተመራማሪውን ከደረጃዋ ዝቅ አደረጋት። ስሟ ካታሊን ካሪኮ ነው። ዕድሜዋ 40 ነበር። እዚያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ስለ ኤምአርኤንኤ (ለሴል የፕሮቲን መሥሪያ መመሪያ ስለሚያደርሰው ሞለኪውል) ሐሳቧ ስትጽፍ የኖረችው የገንዘብ ጥያቄ ግን አንዱም አልተሳካም። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ28 ዓመት በኋላ ያችው ሴት ከሥራ ባልደረባዋ ከድሩ ዋይስማን ጋር የሕክምና ኖቤል ተሸለመች። ከዚያ ወዲህ ታሪኩ የሚተረከው ሁልጊዜ ከመጨረሻው ተነስቶ ነው። ዩኒቨርሲቲው ማየት ተስኖት ነበር፣ እሷ ግን ጸናች፣ ጽናት አሸነፈ፣ አበቃ። ለጆሮ ደስ ይላል። ትናንት የቅጥር ደብዳቤ የፈረመ አዲስ መምህር ግን ከዚህ አተራረክ ምን ይዞ ይሄዳል? «ጽና፣ አንድ ቀን ኖቤል ታገኛለህ» የሚለው ምክር ሳይሆን ሎተሪ ነው።

ስለዚህ ጉዳዩን ከመነሻው ወደ ፊት ማየት ይሻላል። በ1989 ስትቀጠር ምን ዓይነት ወንበር ላይ ነው የተቀመጠችው? ደመወዟ ከየት ይመጣል? ማን ይመዝናታል፣ በምን ሚዛን? እንዲህ ሲታይ የ1995ቱ ውሳኔ ዱብ ዕዳ አይመስልም። ጉዳዩ ገና በቅጥሩ ቀን ግማሽ መንገድ ሄዶ ነበር። ሳይንሷ ጥሩ ሆነ አልሆነ በዚህ ላይ ያን ያህል ለውጥ አያመጣም።

ቅጥሩ

ካሪኮ ሃንጋሪያዊት ናት። ሴገድ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቷን ሠርታ እዚያው ከተማ ባለ የባዮሎጂ ምርምር ማዕከል ስትሠራ ገንዘብ አለቀና ሥራዋን አጣች። በ1985 ከባሏና ከሁለት ዓመት ሴት ልጇ ጋር አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ወደሚገኘው ቴምፕል ዩኒቨርሲቲ መጣች። መኪና ሸጠው ያገኙትን 900 ፓውንድ በልጅቷ የአሻንጉሊት ድብ ውስጥ ሰፍተው ነበር ከአገር የወጡት። ቴምፕል ላይ ከአለቃዋ ጋር ተጋጭታ ወጣች። ከዚያ ቤተስዳ ባለ የጦር ኃይሉ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓመት ያህል ሠራች። እስካሁን ያለው የብዙ ስደተኛ ተመራማሪ ታሪክ ነው፤ እንለፈው።

በ1989 ኤሊዮት ባርናታን የሚባል የልብ ሐኪም በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪው ውስጥ ቀጠራት። ማዕረጓ የምርምር ረዳት ፕሮፌሰር ሆነ። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሥራ ተገኘ፣ መሰላሉ ላይ ወጣች። ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ ሙሉ ፕሮፌሰር፤ ደረጃው ይታወቃል።

ግን አሜሪካ ውስጥ ማዕረጉን ብቻ ማየት ያሳስታል። ዋናው መስመሩ ነው። ቴንየር ወደሚባለው ቋሚ ቅጥር በሚወስደው መስመር ላይ የገባ ሰው ሰዓት ይቆጠርበታል። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮች ማኅበር በ1940 ባወጣው መግለጫ የሙከራው ጊዜ ከ7 ዓመት መብለጥ የለበትም። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ይዘው ፋይሉን ስድስተኛው ዓመት ላይ ያያሉ። ሦስተኛው ዓመት ገደማ ደግሞ የመሐል ግምገማ አለ። የሕክምና ትምህርት ቤቶች አንዳንዴ ጊዜውን ያረዝሙታል። ፋይሉ ውስጥ የታተሙ ሥራዎች፣ የማስተማር ግምገማ፣ ለትምህርት ክፍሉ የተሰጠ አገልግሎት ይገባል። ከሁሉም በላይ ሚዛን የሚደፋው ግን ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ያሉ የዘርፉ ሰዎች የሚጽፉት ደብዳቤ ነው። ከዚያ የትምህርት ክፍሉ ነባር መምህራን ድምፅ ይሰጣሉ። ከእነሱ ወደ ኃላፊው፣ ከኃላፊው ወደ ዲኑ፣ ከዲኑ ወደ ላይ ይወጣል። ያለፈ ሰው ያለ ከባድ ምክንያት አይባረርም። ያላለፈ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ የመሰናበቻ ዓመት ተሰጥቶት ይሄዳል። ጨካኝ አሠራር ነው። ቢሆንም ቀኑ ይታወቃል፣ ሥርዓቱ በጽሑፍ አለ፣ ውሳኔ የሚሰጠውም አንድ ሰው ብቻ አይደለም።

የካሪኮ መስመር ይህ አልነበረም። የምርምር መስመር የሚባለው መጨረሻው ላይ ቴንየር የለውም። ማዕረጉ ከፍ ሊል ይችላል፣ ቋሚነት ግን አይመጣም። ደመወዙም በመርህ ደረጃ ከዩኒቨርሲቲው ካዝና ሳይሆን ተመራማሪው ራሱ ተወዳድሮ ከሚያመጣው ግራንት፣ ማለትም የምርምር ድጎማ ነው የሚወጣው። ግራንት ከመጣ ይቀመጣል። ካልመጣ ሌላ ሰው በራሱ ግራንት ሊያስጠጋው ይችላል። ያም ከሌለ በቃ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ከሚያስተምሩና ከሚመራመሩ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከቴንየር መስመር ውጭ ስለሆኑ፣ የእሷ ወንበር ለየት ያለ ነው ማለት አይቻልም። ብዙው ሰው የሚቀመጥበት ነው።

እዚህ ላይ ፍርዴን ልስጥ። «ቴንየር ከለከሏት» እየተባለ በየቦታው የሚወራው ልክ አይደለም። ቴንየር መጀመሪያውኑ ጠረጴዛው ላይ አልነበረም። ያጣችው ያንን የሚያህል ነገር አይደለም፤ ግን ደግሞ ከዚያ ይበልጥ ያማል። ከቴንየሩ ሥርዓት ውጭ ሆና፣ ገንዘብ ባለመምጣቱ ነው ወደ ታች የተንሸራተተችው።

ገንዘቡ

ካሪኮ የያዘችው ሐሳብ ለመናገር ቀላል ነው። ሴል ፕሮቲን የሚሠራው መልእክተኛ አር ኤን ኤ ወይም ኤምአርኤንኤ የሚያደርስለትን መመሪያ እያነበበ ነው። ታዲያ መመሪያውን እኛ ጽፈን ብናስገባ ሴሉ የምንፈልገውን መድኃኒት ራሱ አይሠራም? ችግሩ ኤምአርኤንኤ ቶሎ ይበላሻል። በእጅ ላይ፣ በዕቃ ላይ፣ በአየር ላይ ያለ አር ኤን ኤ ቆራጭ ኢንዛይም ይቆራርጠዋል። ላብራቶሪ ውስጥ አብረውት የሠሩ ብዙዎች የሚያስታውሱት የተበላሸ ሙከራ ነው። እንስሳ ላይ ሲሰጥ ደግሞ ሰውነት እንደ ወራሪ ቆጥሮት ይቆጣል።

በዚያ ላይ ዘመኑ የዲኤንኤ ነበር። ጂን በቫይረስ ጭኖ ወደ ሰውነት ማስገባት የ1990ዎቹ ትልቅ ተስፋ ነው። ያው የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ለሰው የጂን ሕክምና ተቋም ነበረው። (በ1999 በዚያ ተቋም የሕክምና ሙከራ ላይ የነበረ የ18 ዓመት ወጣት ሞቶ ዘርፉ በሙሉ ተናወጠ። «አስተማማኝ» የሚባለው መስመርም እንዲህ ነው።) አንድ ግቢ ውስጥ ሆና የሌላውን ፋሽን ሳትከተል ገንዘብ መጠየቅ ነበረባት።

በ1990 በኤምአርኤንኤ ላይ የተመሠረተ የጂን ሕክምና ሐሳብ ጽፋ አስገባች። ተመለሰ። ሌላ ጻፈች፤ ተመለሰ። በኋላ ለጋዜጠኛ ስትናገር «ማታ ማታ ሥራዬ ግራንት፣ ግራንት፣ ግራንት ነበር፤ መልሱም ሁሌ አይሆንም፣ አይሆንም፣ አይሆንም» ብላለች።

እዚህ ላይ ማንም አዲስ መምህር ሊያውቀው የሚገባ አዙሪት አለ። የግራንት ገምጋሚ ሐሳቡ ውብ መሆኑ ብቻ አይበቃውም። የመጀመሪያ ውጤት ይፈልጋል፤ ነገሩ ሊሠራ እንደሚችል የሚያሳይ ቁጥር። ያን ቁጥር ለማምጣት ደግሞ ገንዘብ ያስፈልጋል። የቴንየር መስመር ላይ የገባ ሰው ሲቀጠር የመነሻ ገንዘብ ይሰጠዋል፤ የዚያ ገንዘብ ዋና ጥቅም ይህን አዙሪት መስበር ነው። በምርምር መስመር ላይ ያለ ሰው በሌላ ሰው ላብራቶሪ፣ በሌላ ሰው ዕቃ፣ ከሌላ ሰው ሥራ በተረፈ ሰዓት ነው የራሱን ቁጥር የሚፈልገው።

ቁጥሩ ግን መጥቶ ነበር። ካሪኮና ባርናታን ሴል ውስጥ ኤምአርኤንኤ አስገብተው፣ ያ ሴል በተፈጥሮው የማይሠራውን ፕሮቲን ይሠራ እንደሆነ ለማየት ሞከሩ። የረጅም ኮሪደር መጨረሻ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የጨረር መቁጠሪያ መሣሪያ ነበር፤ ከእሱ ጋር የድሮ ዶት ማትሪክስ ማተሚያ ተያይዟል። ሁለቱ ማተሚያው ላይ አጎንብሰው ጠበቁ። ወረቀቱ እየተንቋቋ ቁጥር መትፋት ጀመረ። ፕሮቲኑ አለ። ካሪኮ ያን ጊዜ የተሰማትን ስትናገር «አምላክ የሆንኩ መሰለኝ» ነው ያለችው።

ያ ወረቀት ግን ለግራንት ገምጋሚዎች አልበቃም። ከኋላ ሲታይ ይገርማል። በጊዜው ግን ብዙም አይገርምም። ከአንድ የሴል ሙከራ እስከ መድኃኒት ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ የሰውነት ቁጣውም ገና አልተፈታም። ከባርናታን ላብራቶሪ ጀምሮ የሚያውቃት የነርቭ ቀዶ ሐኪሙ ዴቪድ ላንገር ስለዚያ ዘመን ሲናገር እሷ ጎበዝ የግራንት ጸሐፊ አልነበረችም፣ ኤምአርኤንኤም ያኔ ገና ሐሳብ ነበር ብሏል። ወዳጅ ነው የተናገረው፤ ስለዚህ ልንሰማው ይገባል። ሙከራ መሥራትና ሙከራን ለማያውቅህ ሰው መሸጥ ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። ሁለተኛውን ማንም ቁጭ ብሎ አያስተምርም።

ሚዛኑንም ማወቅ ደግ ነው። ካሪኮ እንደተረከችው በኋላ የነበረችበት ትምህርት ክፍል ላብራቶሪዎችን የሚለካው በያዙት ቦታ ልክ ባመጡት ዶላር ነበር። ስንት ካሬ ጫማ ይዘሃል? በእያንዳንዷ ካሬ ጫማ ስንት ብር አስገባህ? ነገሩ የሱቅ ኪራይ ይመስላል። ግን ኃላፊው ዲኑ ፊት ሲቀርብ የሚጠየቀው ይህንኑ ነው። አዲስ መምህር ስለ ዕድገት መመሪያ ሲጠይቅ የሚሰጠው ሰነድ ላይ ይህ መለኪያ ተጽፎ አያገኘውም።

1995

ዓመቱ ክፉ ዓመት ነበር። ካንሰር ሳይሆን አይቀርም ተብላ ምርመራና ሕክምና ላይ ነበረች። ባሏ በቪዛ ጣጣ ሃንጋሪ ቀርቷል። ልጅ አለች። በዚህ ላይ ነው ምርጫው የመጣው፦ ዝቅ ባለ ደረጃ መቆየት ወይም መሄድ።

እሷ ራሷ ስትናገር ብዙውን ጊዜ እዚያ ነጥብ ላይ ሰው ተሰናብቶ ይሄዳል፣ በጣም ያስከፋልና ብላለች። ምናልባት አልበቃ ይሆናል፣ ብልህ አይደለሁ ይሆናል ብላም አስባለች። ከዚያ ግን ለራሷ የነገረችው ይህን ነው፦ ሁሉም ነገር እዚህ አለ፣ የተሻለ ሙከራ መሥራት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ።

ይህች ዐረፍተ ነገር በየንግግሩ የጽናት ምሳሌ ሆና ትጠቀሳለች። እኔ ግን የሚገርመኝ ሁለተኛው፣ ብዙም የማይወራው ምክንያት ነው። የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ሆና ከቆየች ልጇ እዚያው ስትማር የክፍያ ቅናሽ ታገኛለች። ልጅቷ በኋላ እዚያው ተማረች፤ በጀልባ ቀዘፋ በ2008 እና በ2012 የኦሊምፒክ ወርቅ ያመጣችው ሱዛን ፍራንሲያ እሷ ናት። ሰው የሚቆየው በሳይንስ ፍቅር ብቻ አይደለም። የመኖሪያ ፈቃድ አለ፣ የልጅ ትምህርት አለ፣ ሥራውን ትቶ መምጣት የማይችል የትዳር አጋር አለ። የዕድገት ኮሚቴ ይህን አያይም። ራሱ ግለሰቡ ግን ሲወስን ሊደብቀው አይገባም፤ የሚያሳፍር ምክንያት አይደለም።

ዋጋው ቀላል አልነበረም። እዚያ በነበረችበት ዘመን ሁሉ ዓመታዊ ደመወዟ ከ60,000 ዶላር አልበለጠም ይባላል። የአፓርታማ ሕንፃ የሚያስተዳድረው ባሏ አንዴ ሰዓቷን ቢያሰላው በሰዓት አንድ ዶላር ገደማ ሆነበት። ቅዳሜ እሑድ ላብራቶሪ ስትሄድ «አንቺ ሥራ አይደለም የምትሄጅው፣ ለመጫወት ነው» ይላት ነበር። እንዲህ ያለ ባል ለሁሉም አይገጥምም፤ ይህም ከሒሳቡ መግባት አለበት።

ሰዎቹ

ባርናታን ዩኒቨርሲቲውን ትቶ ወደ ባዮቴክኖሎጂ ድርጅት ሄደ። ካሪኮ ላብራቶሪም ገንዘብም የሌላት ሆና ቀረች። መቆየት የምትችለው ሌላ ሰው ካስጠጋት ብቻ ነው። «ሥራዬን እለቃለሁ ብለው ነበር የጠበቁት» ብላለች።

እዚህ ላይ ላንገር ደረሰ። ተማሪ ሐኪም ሳለ በባርናታን ላብራቶሪ አብሯት ሠርቷል፤ እጇን ያውቃል። የነርቭ ቀዶ ሕክምና ክፍሉን ኃላፊ አግባብቶ ቦታ አሰጣት። «እሱ ነው ያዳነኝ» ትላለች። እሱ ራሱ ግን ያዳነችው እሷ እንደሆነች ነው የሚናገረው፤ በሙከራ ላይ እንዴት እንደሚታሰብ ያሳየችው እሷ ናትና። ላንገርም በኋላ ሄደ። ኃላፊውም ሄደ።

ሥርዓቱን ልብ በሉት። በቴንየር መስመር ላይ ያለ ሰው አለቃው ቢሄድ ፋይሉ ይቀራል፤ ሰዓቱም፣ ደንቡም፣ ኮሚቴውም ባለበት ነው። የካሪኮ ዋስትና ግን ሰው ነበር። ሰው በሄደ ቁጥር ከዜሮ ትጀምራለች። በጎ ሰዎች ገጠሟት፤ ተመስገን ነው። ሰው ላይ የተንጠለጠለ ቦታ ግን ሰውየው ጡረታ ሲወጣ፣ የተሻለ ሥራ ሲያገኝ ወይም ሲታመም አብሮት ይወድቃል።

ከዚያ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ መጣ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ድሩ ዋይስማን ከአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም መጥቶ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ከፍቷል። ቤተስዳ ሳለ የሠራው ከታወቀው የተላላፊ በሽታ ተመራማሪ ከአንቶኒ ፋውቺ ጋር ነው። የኤችአይቪ ክትባት ይፈልጋል። በዚያን ዘመን የጆርናል ጽሑፍ በወረቀት ነበርና ሁለቱም ሲገለብጡ አንድ ማሽን ላይ ይሻሙ ነበር። ወሬ ጀመሩ። እሷ «ማንኛውንም ኤምአርኤንኤ እሠራለሁ» አለች። እሱም እስቲ ለክትባቴ ሥሪልኝ አለ።

የመገናኘታቸው ነገር በየቦታው ይወራል። ለእኛ ጉዳይ የሚበልጠው ግን ልዩነታቸው ነው። አንድ ግቢ፣ አንድ ማሽን፣ ሁለት ጎበዝ ተመራማሪዎች። እሱ ሐኪምም ተመራማሪም ነው፣ የራሱ ላብራቶሪና ለሌላ ሥራ የመጣ የምርምር ገንዘብ አለው፣ ከታወቀ ቤት ነው የመጣው። ያልተሳካ ሙከራ ቢገጥመው ሌላ የሚቆምበት እግር አለው። እሷ አንድ ሐሳብ ነው ያላት፤ የቆመችውም በሰው መሬት ላይ ነው። ኤምአርኤንኤን በሚመለከት ሁለቱም ግራንት ተከልክለዋል። ክልከላው አንድ ነው፤ የጎዳው ግን አንዳቸውን ነው።

2005 እና ያልጮኸው ስልክ

ሁለቱ የሰውነትን ቁጣ ምክንያት አገኙት። አንዳንድ የአር ኤን ኤ ዓይነቶች ሰውነትን አያስቆጡም፤ ለምን ሲባል በተፈጥሮ የተለወጡ ፊደላት ስላሏቸው ነው። ኤምአርኤንኤ ውስጥ ያለውን ዩሪዲን የሚባል ፊደል ሱዶዩሪዲን በሚባለው የተለወጠ ፊደልና በመሳሰሉት ቢተኩት ቁጣው ረገበ። ካሪኮ እንደምትለው ታዋቂው ጆርናል ኔቸር ጽሑፉን «ጥቂት ብቻ የጨመረ ሥራ» ብሎ መለሰው። በ2005 ኢሚዩኒቲ የተባለው ጆርናል አወጣው። ዋይስማን ስልካችን እረፍት አይኖረውም ብሎ ጠብቆ ነበር። ማንም አልደወለም።

አሁን ይህን ጽሑፍ በዕድገት ኮሚቴ ዓይን እናንብበው። አራት ደራሲዎች አሉ። ካሪኮ መጀመሪያ ናት፤ ዋይስማን መጨረሻ። በሕይወት ሳይንስ ልማድ የመጀመሪያው ስም ሥራውን በእጁ የሠራው ነው፣ የመጨረሻው ደግሞ ላብራቶሪውን የሚመራው። የዶክትሬት ተማሪ ወይም ድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪ ለሆነ ሰው መጀመሪያ መሆን ወርቅ ነው። ዕድሜው 50 ለሆነና ፋኩልቲ (የዩኒቨርሲቲው መደበኛ መምህር) መሆን ለሚፈልግ ሰው ግን ኮሚቴው «የራሱን ቡድን ይመራል ወይ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። የዘመኑ ትልቅ ግኝት ላይ ስሟ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነበር፤ ለዕድገት ግን ያ ቦታ ደካማው ነው። ማንም ክፉ ነገር አላደረገም። ልማዱ ነው እንዲህ የሚያነበው።

የውጭ ደብዳቤም አለ። ደብዳቤ የሚጻፈው በዘርፉ ባሉ፣ ከአመልካቹ ጋር ባልሠሩ ሰዎች ነው። ኤምአርኤንኤ መድኃኒት ይሆናል ብለው የሚያምኑ ሰዎች በዚያን ጊዜ እጅግ ጥቂት ነበሩ። በእኔ ግምት ፋይሏ ለደብዳቤ ቢወጣ እንኳ ማን ይጽፍላት ነበር? ከሰው ቀድሞ የሄደ ተመራማሪ ዙሪያውን ሲያይ ዳኛ አያገኝም።

በ1995 ያጣችው ደረጃ እንዲመለስላት ከዓመታት በኋላ ጠየቀች። እንደተናገረችው የተሰጣት መልስ ተሰብስበን ተነጋገርንበት፣ ለፋኩልቲ የሚሆን ብቃት የለሽም የሚል ነበር። በ2013 ወደ ጀርመኑ ባዮንቴክ ሄደች። እሄዳለሁ ስትል ድርጅቱ ድረ ገጽ እንኳ የለውም ብለው ሳቁ ትላለች። ከሰባት ዓመት በኋላ ባዮንቴክ ከፋይዘር ጋር የኮቪድ ክትባት አወጣ። ሙሉ ፕሮፌሰርነቷን የሰጣት በ2021 የድሮው ሴገድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ፔንሲልቬንያ ውስጥ በተጓዳኝ ፕሮፌሰርነት ስሟ ቀጠለ። የኖቤሉ ቀን ዩኒቨርሲቲው እንኳን ደስ ያለን ሲል ብዙ ሰው በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ያንጓጠጠው ለዚህ ነው።

ዩኒቨርሲቲው ላይ ለመፍረድ ዛሬ ቀላል ነው። በ1995 ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ የነበረውን ግን እናስብ። ግራንት የለም፣ ሐሳቡን የሚያምንበት የለም፣ ሙከራው እንስሳ ላይ ይበላሻል። እንደዚህ ያለ ፋይል ካላቸው 100 ሰዎች ውስጥ ኤምአርኤንኤ የሚሆነው የትኛው ነው? ማንም አያውቅም። እኔ ጥፋት የምለው ከደረጃ ማውረዱን ብቻ አይደለም። ከ2005 በኋላ፣ ቁጥሩ ሁሉ እጅ ላይ ሆኖ፣ ፋይሉን እንደገና ከፍቶ በአዲስ ዓይን የሚያይ አሠራር አለመኖሩ ነው። አንዴ «የዚያ ደረጃ ሰው» የተባለ እዚያው ይቀራል። ስያሜው ከሥራው ቀድሞ ይታያል።

ዛሬ ለተቀጠረ ሰው

ከዚህ ጉዳይ የማነሳው የመጀመሪያ ነገር የቅጥር ደብዳቤውን ይመለከታል። ደብዳቤው ላይ ካለው ማዕረግ በፊት ሦስት ነገር ይነበብ፦ መስመሩ ቴንየር ያለው ነው ወይስ የለውም፣ ከደመወዙ ውስጥ ምን ያህሉን ዩኒቨርሲቲው ራሱ ይከፍላል፣ ለስንት ዓመት። በጽሑፍ ያልሰፈረ ቃል አይታመንም። «አይዞህ፣ እናስተካክለዋለን» ያለው ኃላፊ በሚቀጥለው ዓመት እዚያ ላይኖር ይችላል። ካሪኮን ባርናታንም፣ ላንገርም፣ ያስጠጋት የነርቭ ቀዶ ሕክምና ኃላፊም ትተዋት ሄደዋል።

መስመር መቀየር ይቻላል ወይ የሚለውም ገና ሲገባ መጠየቅ አለበት። ብዙ ቦታ ከምርምር መስመር ወደ ቴንየር መስመር መሻገር በወረቀት ላይ ይፈቀዳል፣ በተግባር ግን እንደ አዲስ አመልካች መወዳደር ነው። እስካሁን የተሻገረ ሰው አለ? ማን? ሄዶ ቡና እየጠጡ ማነጋገር ከመመሪያው በላይ ይናገራል።

የደራሲነት ቦታ ነገር ቶሎ ይታሰብበት። ከኃይለኛ ተባባሪ ጋር መሥራት ጥሩ ነው፤ ካሪኮ ያለ ዋይስማን አይሳካላትም ነበር፣ እሱም ያለ እሷ። ነገር ግን በዓመት ቢያንስ አንድ ትንሽ ሥራ፣ መጨረሻው ስም የራስ የሆነ፣ ከአማካሪም ከተባባሪም ውጭ የተሠራ ቢኖር ፋይሉ ላይ «ይህ ሰው ራሱን ችሏል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ይመለሳል። ትንሽ ጆርናል ላይ ቢሆንም።

ደብዳቤ ጸሐፊዎቹንም ከአሁኑ መፈለግ ነው። ስድስተኛው ዓመት ላይ ስምህን የሚያውቁ ስድስት ሰባት የማያውቁህ ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ እንግዳ ነገር ይመስላል፣ ግን እንደዚያ ነው። አብረውህ ያልሠሩ፣ ሥራህን ግን ያነበቡ። ኮንፈረንስ ላይ የአምስት ደቂቃ ጥያቄ መጠየቅ፣ ጽሑፍን ሲወጣ በአጭር ደብዳቤ መላክ፣ ለጆርናል መገምገም። ዓይን አፋር ሰው ይህ ይከብደዋል። ካሪኮ ራሷ ከሰው ጋር ከመጨዋወት ሙከራ ጠረጴዛዋ ላይ መሆን የምትመርጥ ሰው ነበረች።

ሕመም፣ ወሊድ ወይም የቤተሰብ ችግር ሲመጣ ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የቴንየር ሰዓቱን ለአንድ ዓመት ያቆማሉ። መጠየቅ እንደ ድክመት ይቆጠርብኛል ብሎ ሳይጠይቅ የሚቀር ብዙ ነው። ጥያቄው በጊዜው ካልቀረበ ግን በኋላ ማንም ወደ ኋላ ተመልሶ አያርመውም። በምርምር መስመር ላይ ያለ ሰው እንዲህ ያለ መብት ይኖረው እንደሆነ ለይቶ መጠየቅ አለበት፤ ብዙ ጊዜ ደንቡ የተጻፈው ለቴንየር መስመር ብቻ ነው።

ግራንት መጻፍንም እንደ ሙያ መማር ነው። ያሸነፈ የሥራ ባልደረባን ማመልከቻ መለመንና ማንበብ፣ የራስን ረቂቅ ከዘርፉ ውጭ ላለ ሰው መስጠት፣ የውድቅ አስተያየቱን ንዴት ከበረደ በኋላ ደግሞ ማንበብ። ዋናውን ትልቅ ሐሳብ አንድ ማመልከቻ ላይ፣ ሊሳካ የሚችለውን ትንሽ ሐሳብ ሌላ ላይ አድርጎ ጎን ለጎን ማስገባት ሐሳብን መሸጥ አይደለም፤ ትልቁን ሐሳብ የሚያቆየው ትንሹ ነው።

በመጨረሻም የዓመቱ ግምገማ አለ። ኃላፊው በሩን ዘግቶ ግማሽ ሰዓት ያወራል፣ «ጥሩ እየሄድክ ነው» ይላል፣ ተጨባበጡ፣ አለቀ። ይህ ለፋይል ምንም ማለት አይደለም። ቢሮ ተመልሶ በዚያው ቀን አጭር ኢሜይል መላክ ይቻላል፦ «ዛሬ ስለተነጋገርነው አመሰግናለሁ። እንደተረዳሁት እስከሚቀጥለው ግምገማ የሚጠበቁብኝ አንድ የግራንት ማመልከቻና ሁለት ጽሑፎች ናቸው። የተሳሳትኩት ካለ ቢያርሙኝ።» ካረመ መልካም፣ ዝም ካለም መልካም። ኃላፊው ሲቀየር አዲሱ ሰው የሚያነበው ነገር ይኖራል።